ደም ማቅጠኛ መድኃኒት እየወሰዱ ጥርስ ማስነቀል፦ ከዝግጅቱ እስከ ቁስሉ መዳን

ዋርፋሪን፣ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጥርሱን ሲያመው ብዙ ጊዜ ከሦስት ስህተቶች በአንዱ ይወድቃል። አንዱ «ደም እንዳይፈሰኝ» ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ለሳምንት ያቆማል። ሌላው ለጥርስ ሐኪሙ ትንፍሽ ሳይል ይነቀልና ሌሊቱን ሙሉ ደም ሲተፋ ያድራል። ሦስተኛው ፈርቶ የበሰበሰውን ጥርስ ለዓመታት ተሸክሞ ይዞራል። ሦስቱም አደገኛ ናቸው። በተለይ የልብ ቫልቭ ላስቀየረ ሰው የተመረዘ ጥርስ ለልብ ኢንፌክሽን መነሻ ሊሆን ይችላል።

ይህ መመሪያ ለታካሚውና አብሮት ለሚሆነው ቤተሰብ የተጻፈ ነው። ደረጃ 7ን ግን ለጥርስ ሐኪምዎ ያሳዩት። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የእርስዎን ሁኔታ የሚያውቀው ሐኪም ነው። እዚህ የሚያገኙት ሐኪሙ ጋ ምን ይዘው እንደሚሄዱ፣ ምን እንደሚጠይቁና ቤት ሲገቡ ምን እንደሚያደርጉ ነው።

## ከሁሉ በፊት፦ መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ

ከተነቀለ ጥርስ ቦታ የሚፈስ ደም ያስደነግጣል። ግን ቦታው ይታያል፣ በጎዝ ይጫናል፣ ይሰፋል። መድኃኒቱ በመቆሙ ልብ ውስጥ ወይም ቫልቭ ላይ የሚረጋ ደም ግን አይታይም። ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ከተጣበቀ ቫልቩን ያስረዋል። እዚያ ጎዝ አይደርስም።

ዋርፋሪን ሲቆም ኃይሉ ከሰውነት ለመውጣት 5 ቀን ያህል ይፈጃል። እንደገና ሲጀመርም ወደ ቦታው ለመመለስ ያንኑ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ «ለሦስት ቀን ብቻ ነው ያቆምኩት» የሚለው ሰው ሳይጠበቅ የሚቆየው ከሦስት ቀን በላይ ነው።

አንድ የጥርስ ሐኪም «ለሳምንት አቁመህ ና» ቢልዎት አይከራከሩ፣ ግን አያቁሙም። «የልብ ሐኪሜን ጠይቄ በጽሑፍ ላምጣ» ይበሉ። ዛሬ ያሉት ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ተራ ነቀላን በተመለከተ በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ በአብዛኛው መድኃኒቱን አለማቆምና ደሙን እዚያው ቦታው ላይ መቆጣጠር።

## ደረጃ 1፦ የሚወስዱትን በስሙ ይወቁ

«ደም ማቅጠኛ» ብለን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን እንጂ መድኃኒቶቹ አንድ አይደሉም። የአንዱ ጥንቃቄ ለሌላው አይሆንም። «ለልብ የምወስዳት ትንሽ ኪኒን» ማለት ሐኪሙን አይረዳውም። ማሸጊያውን ራሱን ይዘው ይሂዱ።

* ዋርፋሪን። ኩማዲን በሚል ስምም ይታወቃል። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ያላቸው ሁሉ የሚወስዱት ይህን ነው። ኃይሉ የሚለካው አይ ኤን አር በሚባለው የደም ምርመራ ነው።
* አዲሶቹ፦ አፒክሳባን (ኤሊኪውስ)፣ ሪቫሮክሳባን (ዛሬልቶ) እና ዳቢጋትራን (ፕራዳክሳ)። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን በብዛት የሚወስዱት ከእነዚህ አንዱን ነው። ኃይላቸው በአይ ኤን አር አይለካም።
* አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል (ፕላቪክስ)። ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ለደረሰበት ወይም የልብ ደም ሥሩ ውስጥ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ለገባለት ሰው የሚታዘዙ ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስዱ አሉ።

ከዚህ ጋር በሐኪም ያልታዘዘውንም ሁሉ በወረቀት ይጻፉ። ለወገብ ሕመም የገዙት ዳይክሎፌናክ፣ ለራስ ምታት የሚውጡት አይቡፕሮፌን፣ በየጊዜው የሚጠጡት የባህል መድኃኒት፣ ለጤና ተብሎ ከውጭ የተላከ የነጭ ሽንኩርት እንክብል ወይም የዓሣ ዘይት። ሰው እነዚህን «መድኃኒት» ብሎ ስለማይቆጥራቸው ሲጠየቅ አይናገርም። የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ፣ ከዚህ በፊት ጥርስ ተነቅለው ወይም ወልደው ደም አልቆም ብሎዎት ከነበረም ይጻፉት።

## ደረጃ 2፦ ሁለቱን ሐኪሞች ያገናኙ

ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። የልብ ሐኪሙ ስለ ጥርሱ አይሰማም፤ የጥርስ ሐኪሙ ስለ ልቡ በደንብ አይነገረውም። መሀል ላይ ያለው ታካሚ ደግሞ የሰማውን በቃል ያመላልሳል፤ ሲመላለስ ይጣመማል።

ነቀላው አስቸኳይ ካልሆነ መጀመሪያ መድኃኒቱን ወደሚከታተልዎት ሐኪም ወይም እንደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዓይነቱ የዋርፋሪን ክትትል ክሊኒክ ይሂዱ። የሚከተሉትን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፦

1. መድኃኒቱን የምወስደው በምን ምክንያት ነው? ቫልቭ፣ የልብ ምት መዛባት፣ እግር ላይ የረጋ ደም ወይስ ስቴንት?
2. ለነቀላው መድኃኒቱ ይቀጥላል ወይስ መጠኑ ወይም ሰዓቱ ይለወጣል?
3. ለእኔ የተቀመጠው የአይ ኤን አር ክልል ስንት ነው?
4. ከነቀላው በፊት የልብ ኢንፌክሽን መከላከያ አንቲባዮቲክ ያስፈልገኛል?
5. ችግር ቢገጥም የትኛው ስልክ ላይ ልደውል?

ስቴንት በቅርብ ወራት ከገባልዎት ወይም በእግር ወይም በሳንባ ላይ የረጋ ደም በቅርብ ከተገኘብዎት፣ ጊዜ የሚሰጥ ነቀላ ቢዘገይ ይሻላል። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬልን አብረው የሚወስዱ ሰዎች አንዱንም በራሳቸው ማቆም የለባቸውም፤ ስቴንቱ በድንገት ሊደፈን ይችላል።

## ደረጃ 3፦ ዋርፋሪን ከሆነ፣ አይ ኤን አር ሳይታይ ጥርስ አይነቀልም

ባለፈው ወር የተሠራው ውጤት አያገለግልም። ምርመራው ከነቀላው በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ውጤትዎ ለረጅም ጊዜ ሳይዋዥቅ የቆየ ከሆነ እስከ 72 ሰዓት ድረስ ያለው ይበቃል።

ቁጥሩ የሚነበበው እንዲህ ነው። ዋርፋሪን ለሚወስድ አብዛኛው ሰው የሚፈለገው ክልል ከ2 እስከ 3 ነው። የሚትራል ቫልቭ በብረት ለተቀየረለት ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ለተራ ነቀላ ብዙ መመሪያዎች ከ4 በታች ያለን ቁጥር ይቀበላሉ፤ ከ3.5 በላይ ሲሆን ማቆየት የሚመርጡ ሐኪሞችም አሉ።

ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከመጣ፦ ነቀላው ይዘግያል። ወደ ክትትል ሐኪምዎ ይሂዱ እንጂ በራስዎ ኪኒን አይቀንሱ። ቁጥሩን ለማውረድ ብለው ቫይታሚን ኬ አይውሰዱ። ለባለ ቫልቭ ሰው በብዛት የተወሰደ ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪኑን ለብዙ ቀን ያዳክምበታል።

ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከመጣ፦ «ለነቀላው እሰየው» ብለው ዝም አይበሉ። ዝቅ ማለቱ ቫልቭዎ ወይም ልብዎ በቂ ጥበቃ የለውም ማለት ነው። ጥርሱ ይነቀል፤ ግን ያንኑ ቀን ለልብ ሐኪምዎ ያሳውቁ።

አይ ኤን አር በማይሠራበት ከተማ የሚኖሩ ከሆነ ነቀላውን ከክትትል ጉዞዎ ጋር ያያይዙት። ለክትትል አዲስ አበባ ወይም ትልቅ ከተማ ሲመጡ ምርመራው ባለበት ሆስፒታል ይነቀሉና ቢያንስ አንድ ሌሊት እዚያው ይደሩ። ተነቅሎ በዚያው ቀን ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ መጀመር ትልቅ ስህተት ነው።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልበል። ዋርፋሪንን የሚያዳክመው ቫይታሚን ኬ በጎመን ውስጥ በብዛት አለ። በፍስክ ጎመን አልፎ አልፎ የሚበላ ሰው ሁዳዴ ሲገባ በየቀኑ ጎመን ከበላ አይ ኤን አሩ ሊወርድ ይችላል፤ ጾም ሲፈታ ደግሞ ሊወጣ ይችላል። ጎመን አይከለከልም፤ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት ይመሳሰል። ከተቻለ ነቀላውን የጾም መግቢያና የፋሲካ ሰሞን ላይ አያድርጉት።

አዲሶቹን መድኃኒቶች ለሚወስዱ ከአይ ኤን አር ይልቅ የኩላሊት ምርመራ ይበልጥ ይጠቅማል። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ በዳቢጋትራን ላይ ይህ በተለይ ይበረታል።

## ደረጃ 4፦ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይምረጡ

ቀጠሮው በሳምንቱ መጀመሪያ፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ይሁን። ደም ከቀጠለ ቀኑን ሙሉ ክሊኒኩ ክፍት ነው። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ደሙ ቆሞ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እንደገና ሊጀምር ይችላል። ዓርብ ከሰዓት የተነቀለ ሰው ያ ጊዜ እሑድ ሌሊት ይደርስበታል። የበዓል ዋዜማ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ክሊኒኩን ሲመርጡ «ድድ ትሰፋላችሁ? ደም ማቆሚያ ስፖንጅ አላችሁ?» ብለው በስልክ ይጠይቁ። መልሱ የማያጠግብ ከሆነ ወደ ሆስፒታል የጥርስ ክፍል ይሂዱ። ባህላዊ ጥርስ ነቃይ ጋ በፍጹም አይሂዱ። እነሱ ማየትም መስፋትም የማይችሉት ነገር ነው።

ብዙ የሚነቀል ጥርስ ካለ በአንድ ቀን ሁሉንም አይጨርሱ። በአንድ ቀጠሮ ቢበዛ ሦስት ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አንድ ተነቅሎ ሁኔታው ቢታይ እመርጣለሁ።

## ደረጃ 5፦ ከቀጠሮው በፊት ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ

ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ፋርማሲ ፍለጋ መሮጥ እንዳይመጣ እነዚህን አስቀድመው ይግዙ፦

* ንጹሕ የታሸገ ጎዝ፣ ቢያንስ ሁለት እሽግ። ጥጥ አይሆንም፤ ቃጫው ቁስሉ ላይ ይቀራል፣ ሲነሳም የረጋውን ደም ይዞ ይነሳል።
* ፓራሲታሞል
* የእጅ ባትሪ ወይም መብራት ያለው ስልክ
* ትራስ ከፍ ለማድረግ ተጨማሪ ትራስ
* ለሁለት ቀን የሚሆን ለስላሳ ምግብ፦ አጥሚት፣ የቀዘቀዘ ሾርባ፣ ሙዝ፣ ቀዝቀዝ ያለ ፍርፍር
* ሐኪሙ ካዘዘ ትራኔክሳሚክ አሲድ (የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርግ መድኃኒት)

አብሮዎት የሚያድር ሰው ይኑር። ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ ያን ቀን ዘመድ ቤት ይደሩ።

## ደረጃ 6፦ የነቀላው ቀን ጠዋት

በደንብ ቁርስ ይብሉ። ባዶ ሆድ ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ወንበሩ ላይ ይዞርበታል። ጾመኛ ከሆኑና እስከ 9 ሰዓት የመቆየት ልማድ ካለዎት ያን ቀን ስለ ሕመምዎ አስቀድመው ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ። ረመዳን ከሆነም ቀጠሮው ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ቢሆን ይቀላል።

መድኃኒቱን በተመለከተ ሐኪምዎ የጻፈልዎት ካለ እሱን ብቻ ይከተሉ። የተለመደው አካሄድ ግን ይህን ይመስላል፦

ዋርፋሪን፦ ማታ የሚወስዱትን እንደ ወትሮው ይወስዳሉ። ከነቀላው በፊት በነበረው ማታም ሆነ ከነቀላው በኋላ ባለው ማታ አይዘለልም።

አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል፦ ይቀጥላል።

አፒክሳባን ወይም ዳቢጋትራን፦ ከአንድ እስከ ሦስት ጥርስ ለሚሆን ቀላል ነቀላ በአብዛኛው አይቆምም። ነቀላው ከበድ ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ ድድ ተከፍቶ የሚወጣ የመጨረሻ መንጋጋ ሲሆን፣ የጠዋቱ ብቻ ይዘለልና የማታው በሰዓቱ ይወሰዳል። ደሙ ከቆመ ግን ቢያንስ 4 ሰዓት ማለፍ አለበት። የተዘለለውን ለማካካስ ሁለት አይወሰድም።

ሪቫሮክሳባን፦ ነቀላው ከበድ ካለና ጠዋት የሚወስዱት ከሆነ፣ ደሙ ከቆመ ከ4 ሰዓት በኋላ ይወስዱታል። ባለ 15 እና ባለ 20 ሚሊ ግራሙ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፤ አፍ ቢያምም አጥሚት ነገር ይጠጡበት።

ዳቢጋትራን የሚወስዱ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አፍ ስላመመ ብለው እንክብሉን ከፍተው ዱቄቱን አይዋጡ። ሲከፈት ወደ ደም የሚገባው መጠን በጣም ስለሚጨምር ለደም መፍሰስ ያጋልጣል።

ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላላቸው ከነቀላው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ለአዋቂ የተለመደው አሞክሳሲሊን 2 ግራም በአፍ ነው። ለፔኒሲሊን አለርጂ ካለብዎ፣ ወይም ለሩማቲክ የልብ ሕመም በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጉ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ያን ጊዜ ሌላ ዓይነት ይመረጣል።

## ደረጃ 7፦ ወንበሩ ላይ (ለጥርስ ሐኪሙ የሚታይ)

ከመጀመርዎ በፊት የደም ግፊት ይለኩ። ከ180/110 በላይ ከሆነና ነቀላው ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ይተላለፍ። ግፊቱ ከፍ እያለ ምንም ዓይነት ስፌት ደሙን በቀላሉ አይዝም።

1. ማደንዘዣው አድሬናሊን ያለበት ይሁን፣ የልብ ሁኔታው ካልከለከለ በስተቀር። በሚነቀለው ጥርስ ዙሪያ መውጋት ይመረጣል። የታችኛውን መንጋጋ ሙሉ ነርቭ ማደንዘዝ ግድ ከሆነ ወደኋላ ስቦ ደም መኖሩን በሚያሳይ ሲሪንጅ ቀስ ብሎ ይወጋ። በጥልቀት የፈሰሰ ደም ወደ ጉሮሮ ሊወርድ ይችላል።
2. ድዱን በተቻለ መጠን ሳይቀዱ ያውጡ። የጥርሱን ሥር ከፍሎ ማውጣት ከመታገል ይሻላል።
3. ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን የቆሰለ ሥጋ በሙሉ ያጽዱ። የቀረ የቆሰለ ሥጋ ደም ማንጠባጠቡን አይተውም።
4. የጉድጓዱን ሁለት ግድግዳ በጣት ጨምቀው ያጥብቡት።
5. ሰርጂሴል ወይም የጄላቲን ስፖንጅ ያስገቡ።
6. ይስፉ። «ትንሽ ነው፣ አያስፈልገውም» የሚባለው ለእነዚህ ታካሚዎች አይሠራም። የሚሟሟ ክር ከሆነ ታካሚው ለመፍታት አይመላለስም።
7. እርጥብ ጎዝ አስነክሰው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ክሊኒኩ ውስጥ ያቆዩት። ጎዙ በትራኔክሳሚክ አሲድ ቢረጥብ የተሻለ ነው።
8. ደሙ መቆሙን በዓይንዎ ሳያዩ አይሸኙ።

በጡንቻ የሚወጋ የዳይክሎፌናክ መርፌ አይዘዙ። መድኃኒቱ ራሱ ደም ያስፈሳል፤ የተወጋው ቦታም ውስጥ ለውስጥ ሊደማ ይችላል።

ታካሚው ደግሞ ከወንበሩ ሳይነሳ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ተሰፍቷል? ክሩ ይሟሟል ወይስ ይፈታል? ማታ ደም ቢመጣ ለማን ልደውል?

## ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

ቁስሉን የሚዘጋው ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ነው። የዚህ ቀን ሥራ ሁሉ እሱን አለመነካካት ነው።

* አይጉመጥመጡ። ለብ ያለ ውሃ በጨው ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ነው።
* አይትፉ። ምራቅ ከሞላ አፍዎን ከፍተው እንዲወርድ ያድርጉ ወይም ይዋጡት። መትፋት የረጋውን ደም ስቦ ያወጣል። በስትሮ መጠጣትም እንዲሁ።
* ትኩስ ነገር አይጠጡ። ከባዱ ቡና ነው፤ ያን ቀን ጀበናው ይለፍዎት፣ ወይም ስኒው በደንብ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ሽሮም ያው ነው።
* አልኮል፣ ሲጋራና ጫት የለም።
* ቁስሉ ላይ አረቄ፣ የቡና ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ሌላ የባህል ነገር አያድርጉ።
* አያጎንብሱ፣ ከባድ ዕቃ አያንሱ። ሲተኙ ጭንቅላትዎ ከፍ ይበል።
* በምላስና በጣት አይነካኩት። በዚያኛው ጎን ያኝኩ።

ምራቅ ቀላ ብሎ ቢታይ፣ ጠዋት ትራሱ ላይ ሮዝ ጠብታ ቢገኝ አይደንግጡ። አንድ ጠብታ ደም ብዙ ምራቅ ያቀላል።

ትራኔክሳሚክ አሲድ ከታዘዘልዎትና ያገኙት ባለ 500 ሚሊ ግራም ኪኒን ከሆነ፣ አንዱን በደንብ ፈጭተው በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ማለትም በሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ያዋህዱት። በተነቀለው በኩል ለ2 ደቂቃ ይያዙት። አይጉመጥመጡበት፤ ዝም ብለው ይያዙትና ከአፍዎ እንዲወርድ ያድርጉ። አይዋጥም። በቀን 4 ጊዜ ለ2 ቀን የተለመደ ነው፤ ሐኪሙ ሊያራዝመው ይችላል።

## ደረጃ 9፦ ደም ቢመጣ

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ዓይነት ስህተት ነው። ጎዝ ያደርጋል፣ በየሁለት ደቂቃው አንስቶ ያያል፣ ይተፋል፣ በውሃ ያጥባል፣ ሌላ ጎዝ ያደርጋል። ባየ ቁጥር የረጋውን ይነቅለዋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ ሙሉ እሽግ ጎዝ ጨርሶ ደሙ እንደነበረ ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል ይሥሩ፦

1. ቀጥ ብለው ይቀመጡ። አይተኙ። ደም ከመዋጥ ይልቅ እንዲወርድ ያድርጉ፤ የተዋጠ ደም ያስመልሳል።
2. በመብራት ይመልከቱ። ጉድጓዱ ላይ ጉበት የሚመስል፣ እንደ ጄሊ የሚንቀጠቀጥ ጠቆር ያለ ቀይ ነገር ከጥርሶቹ በላይ አብጦ ካዩ፣ በትክክል የረጋ ደም አይደለም። ከሥሩ ደም እየፈሰሰ ስለሆነ ነው የሚያብጠው። እሱ እያለ ላዩ ላይ ጎዝ ቢነክሱ ዋጋ የለውም። በእርጥብ ጎዝ ያዝ አድርገው ያንሱት። ያን ጊዜ ደሙ ትንሽ ይጨምራል፤ አይፍሩ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ግን አይቆፍሩ።
3. ጎዙን በውሃ አርጥበው ይጭመቁት። ደረቅ ጎዝ ከቁስሉ ጋር ይጣበቃል። አውራ ጣት እስኪያህል ድረስ አጥፈው ያወፍሩት።
4. ልክ ጉድጓዱ ላይ ያድርጉት። አብዛኛው ሰው ከጎን ባሉት ጥርሶች ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ያን ጊዜ የሚነከሱት ጥርሶቹ ናቸው፣ ቁስሉ አይጫንም። ሲነክሱ ድዱ ላይ ግፊቱ ሊሰማዎት ይገባል። ፊት ለፊቱ ጥርስ ከሌለዎት ጎዙን በንጹሕ ጣት ይጫኑት።
5. ሰዓት ይዩና 30 ደቂቃ ይንከሱ። አያውሩ፣ አያንሱ፣ አይዩ።
6. ካልቆመ አዲስ ጎዝ አድርገው አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ 30 ደቂቃ ይድገሙ። ትራኔክሳሚክ አሲድ ከታዘዘልዎት ይህኛውን ጎዝ በእሱ ያርጥቡት።

ጎዝ ካለቀና ሌላ ምንም ከሌለ በከረጢት ያለ የሻይ ቅጠል በውሃ ረጥቦ፣ ቀዝቅዞና ተጨምቆ ሊነከስ ይችላል። ወደ ክሊኒክ እስኪደርሱ ያግዛል።

ሁለት ጊዜ ነክሰው ካልቆመ ቤት አይቆዩ። ወደነቀለዎት ክሊኒክ፣ ሌሊት ከሆነ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጎዙን እንደነከሱ ይሂዱ። የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የመጨረሻውን መቼ እንደወሰዱና የአይ ኤን አር ውጤቱን ይያዙ።

ከእነዚህ አንዱ ካለ 30 ደቂቃውን ሳይጠብቁ ወዲያው ይሂዱ ወይም አምቡላንስ ይጥሩ፦

* ደሙ አፍን በፍጥነት እየሞላ ሲፈስ
* ከምላስ ሥር፣ አንገት ወይም ጉሮሮ ሲያብጥ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ሲከብድ
* ራስ ሲዞር፣ ላብ ሲያጠምቅ፣ ራስን ሲያስት
* ፊት በአንድ ጎን ሲወርድ፣ ንግግር ሲተሳሰር፣ አንድ እጅ ወይም እግር ሲደክም
* የብረት ቫልቭ ያለው ሰው የለመደው «ቀጭ ቀጭ» ድምፅ ሲደበዝዝበት ወይም ሲጠፋበት፣ በተለይ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በአሜሪካ 911፣ በእስራኤል 101፣ በአውሮፓ 112።

ደም ስለመጣ ብቻ ያን ማታ ዋርፋሪኑን መዝለል እንዳለብዎት በራስዎ አይወስኑ። ደውለው ይጠይቁ።

## ደረጃ 10፦ የሕመም ማስታገሻና አንቲባዮቲክ

ነቀላው በሰላም አልፎ በሦስተኛው ቀን ችግር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከፋርማሲ ነው።

ለሕመም ፓራሲታሞል ይውሰዱ። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲንና ለሕመም ተብሎ የሚወሰድ ተጨማሪ አስፕሪን አይሆንም። «ጥርስ ተነቅዬ ነው፣ ጠንከር ያለ ስጡኝ» ብለው ፋርማሲ ከገቡ የሚሰጥዎት በአብዛኛው ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «ደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ» ይበሉ። ፓራሲታሞልም ቢሆን ልክ አለው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በቀን ከ2 ግራም በላይ ለተከታታይ ቀናት ከወሰደ አይ ኤን አሩ ሊጨምር ይችላል። ሕመሙ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ከባሰ ኪኒን ከመጨመር ጥርስ ሐኪሙ ቢያይዎት ይሻላል።

ከጥርስ ነቀላ በኋላ አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል አንድ ላይ መታዘዝ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል በጣም ይጨምራል። ቁጥሩ የሚወጣው በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሆነ ቁስሉ የዳነ ሲመስል ደም ይጀምራል። ማዘዣው ላይ ሜትሮኒዳዞል፣ ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን ወይም ፍሉኮናዞል ካዩ ከመግዛትዎ በፊት «ዋርፋሪን እወስዳለሁ፣ ይስማማል?» ብለው ይጠይቁ። ለአፍ ፈንገስ የሚቀባው ማይኮናዞል ጄልም ያው ነው። የሚቀባ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ ከዋርፋሪን ጋር ግን ከባድ ነው።

ተራ ነቀላ ሁሉ አንቲባዮቲክ አይፈልግም። ቁስሉ ካልተመረዘ ሐኪሙን «ግድ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

## ደረጃ 11፦ ከሁለተኛው ቀን በኋላ

ከ24 ሰዓት በኋላ ለብ ያለ ውሃ ከትንሽ ጨው ጋር፣ ከምግብ በኋላ ቀስ ብለው አፍዎ ውስጥ ያንከባሉት። ሌሎቹን ጥርሶች ይቦርሹ፤ የተነቀለውን አካባቢ ብቻ ይተዉት። ሰው ደሙን ፈርቶ ለሳምንት አፉን ሳያጥብ ይቀራል፤ የቆሸሸ ቁስል ደግሞ ይመርዛል፣ የተመረዘ ቁስል እንደገና ይደማል።

አንቲባዮቲክ የጀመሩ ዋርፋሪን ወሳጆች በ3ኛው እና በ5ኛው ቀን መካከል አይ ኤን አር ይሠሩ። አንቲባዮቲክ ባይወስዱም ለቀናት በደንብ ካልበሉ ቁጥሩ ሊዛባ ስለሚችል ክትትል ክሊኒኩን ያማክሩ።

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ወደ ጆሮ የሚወጣ ከባድ ሕመምና መጥፎ ሽታ ከመጣ፣ የረጋው ደም ከጉድጓዱ ወጥቶ አጥንቱ ተራቁቶ ሊሆን ይችላል። ደም የለም ብለው ችላ አይበሉት፤ ሐኪሙ አጥቦ መድኃኒት ይሞላበታል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ በተለይ ቫልቭ ላለው ሰው፣ ከጥርስ ሐኪሙ ይልቅ መጀመሪያ የልብ ሐኪሙ ጋ ይሂዱ። ጥርስ መነቀልዎንም ይንገሩት፤ ወባ ወይም ታይፎይድ ተብሎ እንዳይታለፍ።

ሌላ የሚነቀል ጥርስ ከቀረዎት ይህኛው ሙሉ በሙሉ ሳይድን አይሂዱ። በክትትል ካርድዎ ላይ የነቀላውን ቀን፣ የዚያን ቀን አይ ኤን አር፣ ደሙ በስንት ሰዓት እንደቆመ፣ ተሰፍቶ እንደነበርና የትኛው ደም ማቆሚያ እንደተደረገ ያጽፉ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ካርዱን ይዘው ይሂዱና ሐኪሙ ማደንዘዣውን ከመውጋቱ በፊት ያሳዩት።